ከትሪው የተነሡ ሦስት ሰዎች

ሦስት ሰዎች በአንድ ስህተት ምክንያት ከአንድ ትሪ ተነሥተው በሦስት አቅጣጫ ቢሄዱ፣ ከሦስቱ ቡድኑን ሊመራ የሚገባው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ። መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌዋለሁ። ስለ አመራርና ስለ ቡድን ሥራ የተጻፉትን እያነበብኩ ብዙ ገጽ በእርሳስ አስምሬበታለሁ፤ መልሱ ያለበት ገጽ ግን አልደረሰኝም። አሁን ጊዜ አጥሮኛል፤ ዓርብ ድምፅ እንሰጣለን። ስለዚህ ነገሩን እንደ ድሮ ተረት ነጋሪዎች እናንተ ፊት ላስቀምጠውና ተከራከሩበት።

በአንድ ወቅት፣ ከዛሬ ብዙም ባልራቀ ጊዜ፣ ጉለሌ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። በምርት ክፍሉ ከኃላፊው ሌላ አሥራ ሦስት ሰዎች እንሠራ ነበር። ከአሥራ ሦስቱ ሦስቱ በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ።

አንደኛው ጋሽ ይፍሩ ናቸው። ያኔ የሕትመት ማሽኑን ሃያ ስምንት ዓመት ይዘውት ነበር። ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው «ዛሬ ጉንፋን ይዟታል» ካሉ ማሽኗ ከሰዓት በኋላ መቆሟ አይቀርም። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ አልገባም።

ሁለተኛዋ ሐረገወይን ናት፤ የጥረዛው ተቆጣጣሪ። ከቤቱ የሚወጣ ሥራ ሁሉ በመጨረሻ የሚያልፈው በእሷ እጅ ነው። ታፈሰ የሚባለው ወረቀት ቆራጫችን «ሐረግዬ ሰማይን ብትጠርዘው ደመናው አይዛነፍም» ይላት ነበር። ያሞግሳት ይሁን ያማርራት አይታወቅም።

ሦስተኛው ኑረዲን ነው፤ በኮምፒውተር ገጽ የሚያቀናጀው። ዝምተኛ ነው። ሰው ተሰብስቦ ስለ አንድ ችግር ሲያወራ፣ እሱ በመሐል ጠፍቶ ችግሩን ጨርሶ ይመጣል።

እኔ ትርሲት እባላለሁ፤ አራሚ ነኝ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ በማተሚያ ቤቱም ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። የምናገረውን በልቤ አርሜ አርሜ ስጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሶ አገኘዋለሁ።

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ምሳ የምንበላው በአንድ ትሪ ነበር። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ይከፍትና ያመጣውን ትሪው ላይ ይገለብጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ ትሪው ላይ የሚወጣው ሁሉም የሚበላው ብቻ ነው። ኑረዲን እስላም ነው፤ አብዛኞቻችን ክርስቲያን ነን፤ ስለዚህ ሥጋ ያመጣ ሰው ለብቻው ጥግ ሄዶ ይበላል፣ ወይም እንደ ታፈሰ «ዛሬ ተገልያለሁ» እያለ እያሳሳቀ ይበላና ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ሽሮ ሊጠቅስ ይመለሳል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ተጽፎ አያውቅም። ስገባ ማንም አልነገረኝም፤ አይቼ ነው የተማርኩት። ጠብ ያላቸው ሰዎች እንኳ በዚያ ትሪ ላይ እጃቸው ይነካካ ነበር።

ነሐሴ ለማተሚያ ቤት የቀን መቁጠሪያ ወር ነው። በዚያ ነሐሴ አንድ የላኪዎች ማኅበር አራት ሺህ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አዘዘን። ማኅበርተኞቹ ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልኩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የእኛ ቀን ሥር የፈረንጁ ቀን በትንሹ እንዲጻፍ አደራ ብለው ነበር። መርከብ በእኛ አቆጣጠር አይነሣም።

የፈረንጁን ቀን ዝርዝር የሞላሁት እኔ ነኝ። መስከረም አንድ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ከዚያ ጀምሬ ቆጠርኩ። ኑረዲን ዝርዝሩን ተቀብሎ ገጹን አቀናጀ፤ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ቆርቆሮ ተሠራለት። ጋሽ ይፍሩ የመጀመሪያውን ወረቀት አይተው ፈረሙና አተሙ። ሐረገወይን የየወሩን ቅጠሎች ቆጥራ በሽቦ ማስጠረዝ ጀመረች። ሁለት መቶው ተጠርዞ ማክሰኞ ለማኅበርተኞቹ በናሙናነት ተላከ። የቀረውን ዓርብ ጠዋት መጥተው ሊወስዱ ተቀጠሩ።

ረቡዕ ምሳ ላይ ታፈሰ በፈቃድ ወረቀቱ ሲያማርር ነበር።

«ጳጉሜን በሙሉ ፈቃድ ስጡኝ ብዬ ጻፍኩ» አለ እየጎረሰ። «አምስት ቀን ፈቅደንልሃል ብለው መለሱ። ዘንድሮ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ ስድስት ናት ብላቸው የአስተዳደሯ ልጅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ስድስተኛዋን ሥራ ግባባት።»

«እውነቷን ነው» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «ለአንተ አምስትም በዝቷል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ እጄ ትሪው ላይ ቀረ። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች መስከረም በአንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚገባው። በፈረንጁ አሥራ አንድ ሳይሆን አሥራ ሁለት ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛነፋል፤ የካቲት መጨረሻ ላይ እነሱም አንድ ቀን ስለሚጨምሩ ይስተካከላል። ስድስት ቅጠል። አራት ሺህ ጊዜ ስድስት ቅጠል።

ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ሳላርም ተናገርኩ። «መስከረም አንድ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነው» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ። ታፈሰ ማኘኩን አቆመ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ናሙና አንድ ሰው ቀና ብሎ አየው።

ሐረገወይን ተነሣች። ኑረዲን ተነሣ። ጋሽ ይፍሩ ጥቂት ተቀምጠው ቆዩና እሳቸውም ተነሡ። ሦስቱም እጃቸውን በአንድ ቧንቧ ታጠቡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልተነጋገሩም። ሁለት ደቂቃ ቆመው ቢነጋገሩ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ወይም ጽፌ ሌላ ርዕስ እሰጠው ነበር።

ሐረገወይን አንድ ቀን መቁጠሪያ ይዛ ደረጃውን ወጣችና ሥራ አስኪያጁ አቶ ለገሠ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ሥራ መውጣት የለበትም» አለች። «የፈረንጁ ቀን በአንድ ቀን ተዛንፏል። የሄደው ሁለት መቶም መመለስ አለበት።»

«የማን ስህተት ነው?»

«ዝርዝሩን የሞላችው ትርሲት ናት። ሳላየው ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ለገሠ በዚያው ሰዓት ለማኅበሩ ደወሉ። ማኅበሩ ተቆጣ፤ ሁለት መቶውን ግን በማግስቱ ሰበሰበ። አንዱ ማኅበርተኛ በዚያ ናሙና ላይ የመርከብ ቀን ምልክት አድርጎበት ተገኘ። ሐረገወይን ባትናገር ሰሊጡ ወደብ የሚደርሰው መርከቡ ከሄደ በኋላ ነበር። እንዲህ ነው ሐረገወይን ያደረገችው። ስሜን ጠርታለች፤ የራሷንም ጠርታለች። አቶ ለገሠ የያዙት ግን የእኔን ስም ብቻ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ስም ቀላል ነውና። ጸሐፊያቸውን ጠርተው ከሥራ የማሰናበቻ ደብዳቤ ማጻፍ ጀመሩ።

ጋሽ ይፍሩ ደብዳቤ እየተጻፈ መሆኑን ሰምተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ፎቅ ወጡ። ሲገቡ ጸሐፊዋ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበረች ይባላል። ቆብ አላወለቁም፤ አልተቀመጡም።

«ያንን ደብዳቤ ተወው ለገሠ» አሉ። አቶ ለገሠን ከሌላው ሰው ሁሉ በፊት ስለሚያውቋቸው አንተ ይሏቸዋል። «የታረመ ፕሌት ተሠርቶልኝ ነበር። ያልታረመውን የጫንኩት እኔ ነኝ።»

«ሐረገወይን ልጅቷ ናት አለች እኮ።»

«ሐረገወይን ማሽን ክፍል ምን እንደተጫነ በምን ታውቃለች?»

የታረመ ፕሌት አልነበረም። አቶ ለገሠ ያወቁ ይመስለኛል። ግን ሃያ ስምንት ዓመት ያልዋሸ ሰው ፊታቸው ቆሞ እኔ ነኝ ሲላቸው ምን ይበሉ? የእኔ ደብዳቤ ተቀደደና በእሳቸው ስም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፤ በፋይላቸው የመጀመሪያው። እንዲህ ነው ጋሽ ይፍሩ ያደረጉት። እንጀራዬን አተረፉልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሐረገወይን በአቶ ለገሠ ቢሮ በሰው ላይ ጥፋት የምትለጥፍ ሴት ሆነች።

ኑረዲን የትም አልወጣም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስድስቱን ቅጠሎች ከፈተ። ስጠጋ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወንበር ሳበልኝ።

«አንቺ ቁጠሪ፣ እኔ ልጻፍ» አለ።

«ብሳሳትስ?»

«ቀስ ብለሽ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስድስቱ ቅጠል ታርሞ ፕሌት ተሠራለት። ለቀን መቁጠሪያ የሚሆን ወረቀት አልቆ ነበር፤ ኑረዲን መጋዘን ገብቶ ለአንድ ዕድር የሃምሳኛ ዓመት መጽሔት የተቀመጠውን አስወጣ። ማንንም አላስፈቀደም። ወደ ማሽኑ ሲደርስ ጋሽ ይፍሩ ከፎቅ ወርደው ነበር።

«ጋሽ ይፍሩ፣ ስድስት ቅጠል አለኝ።»

«ጫን።»

ያ ብቻ ነው የተነጋገሩት። ሐሙስ ጠዋት ሐረገወይን ስትገባ ሠራተኞቹን ቀን መቁጠሪያዎቹ የተጠረዙበትን ሽቦ ሲፈቱ አገኘቻቸው። «ማን አዘዘ?» አለች። «ማንም» አላት ታፈሰ። ጥቂት ቆማ አየችና ሻርፗን አውልቃ፣ ወንበር ስባ፣ እሷም መፍታት ጀመረች። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራት ሺው ተስተካክሎ ተደርድሮ ነበር። እንዲህ ነው ኑረዲን ያደረገው። የዕድሩ መጽሔት ግን ከበዓሉ በኋላ ደረሰ። የዕድሩ ሊቀ መንበር መጽሔቱን ሊወስዱ ሲመጡ «የሞቱትን አባሎቻችንን ስም በበዓሉ ቀን ልናነብበት ነበር» ብለው ብቻ ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ዓርብ ማኅበሩ መጥቶ ወሰደ። የተረከበው የማኅበሩ ሰው ሲፈርም ለአቶ ለገሠ «ስህተታችሁን ራሳችሁ መናገራችሁን ወደድንላችሁ፤ በሁለት ቀን ማረማችሁንም ወደድን» አለ። የሚቀጥለውን ዓመትም እዚያው አዘዘ። በዚህ ንግግር ውስጥ የትኛው ይበልጣል? መናገሩ ወይስ ማረሙ? ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው፤ እንጃ።

የክፍላችን ኃላፊ በመስከረም ጡረታ ይወጡ ነበር። አቶ ለገሠ በጳጉሜ መግቢያ ሰበሰቡንና «ከሦስቱ አንዱ ይመራችኋል። ሦስቱም ይበቃሉ። እኔ ከምመርጥ እናንተ ምረጡ» አሉ። ቀጥለው፣ «ካልተስማማችሁ ከውጭ ሰው አመጣለሁ፤ ያኔ እንዳትወቅሱኝ» አሉ።

ከድምፁ በፊት ሦስቱ ተናገሩ። ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ የሰማናቸው ያኔ ነው፤ ከትሪው ከተነሡ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።

«ጋሽ ይፍሩ» አለች ሐረገወይን፣ «ለልጅቷ ሲያዝኑ እኔን ውሸታም አደረጉኝ። አስበውታል?»

«አንቺ እውነት ስትናገሪ ልጅቷን መንገድ ላይ ልታስቀምጫት ነበር። አስበሽዋል?»

«ስህተት በስሙ የማይጠራበት ቤት ነገም ይሳሳታል።»

«ሰው በስህተቱ የሚጣልበት ቤት ነገ የሚናገር አያገኝም። ልጅቷ እኮ በአፏ ነው የተናገረችው። ተባርራ ብታይ ሌላው ይናገር ነበር?»

ኑረዲን ወረቀት እያጠፈ ነበር። «እናንተ ፎቅ ላይ ስትከራከሩ» አለ፣ «ሥራው ታች ነበር።»

«አዎ፣ ታች ነበርክ» አለችው ሐረገወይን። «ለማንም ሳትናገር። የሙታን ስም የሚታተምበትን ወረቀት ማን ሰጠህ?»

ኑረዲን ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግሞ አጠፈ። ወረቀት ታደለ።

ዕጩዎቹ ድምፅ አልሰጡም፤ የቀረነው አሥር ነበርን። ታፈሰ ቆጠረ። ሦስት ለጋሽ ይፍሩ። ሦስት ለሐረገወይን። ሦስት ለኑረዲን። አሥረኛውን ወረቀት ከፈተ፣ ገለበጠ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ በብርሃን አየው።

«ይቺ ባዶ ናት» አለ። «ሰው አትወድም መሰለኝ።»

«የማን ናት?» አለ አንዱ።

«ባዶ ወረቀት ስም አለው እንዴ?»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እስክርቢቶ በእጄ ነበር። የአንዱን ስም ስጀምር የሌላው ፊት ይመጣብኛል። ያዳነኝን ብመርጥ ውለታ መክፈል ነው እንጂ ፍርድ አይደለም አልኩ። እውነት የተናገረችውን ብመርጥ ጋሽ ይፍሩ ለእኔ ሲሉ የተጻፈባቸውን ደብዳቤ መርገጥ ነው። የሠራውን ብመርጥ እኔም አብሬው ስለሠራሁ ራሴን የመረጥኩ መሰለኝ። ጊዜው አለቀ፤ ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁ።

ከውጭ ሰው መጣ። አቶ ዘሪሁን ይባላሉ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር፤ አይደሉም። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ፊርማ ያለበት ቅጽ አወጡ። ስህተት በግማሽ ቀነሰ። ዘንድሮ ጳጉሜ እንደገና ስድስት ናት፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ሦስት ሰው ፈርሞበታል። ግን አቶ ዘሪሁን የምሳ ሰዓቱን በሁለት ዙር ከፈሉት፤ ማሽኑ እንዳይቆም። ማንም አልተቃወመም። መቃወም የሚችሉት ሦስቱ ነበሩ፤ ሦስቱ ደግሞ አይነጋገሩም። ጋሽ ይፍሩና ሐረገወይን የሚፈልጉትን በቅጽ ላይ ጽፈው ይላላካሉ፤ በመካከላቸው አሥር እርምጃ የለም። ኑረዲን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይሠራል። ትሪው መጋዘን ውስጥ ወረቀት ተከምሮበታል። ታፈሰ ሥጋ ሲያመጣ አሁን የሚገለልበት ቦታ የለም፤ ሁሉም ለብቻው ነው የሚበላው።

አቶ ዘሪሁን በዚህ ወር መጨረሻ ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው። አቶ ለገሠ ባለፈው ሰኞ ሰብስበው ያኔ ያሉትን ደገሙት፤ ከሦስቱ አንዱ፣ ካልሆነ ከውጭ። እኔ አሁን የሙከራ ሠራተኛ አይደለሁም። የሚያባርረኝ የለም። ስለዚህ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ ይፍሩ ማሽኑን ዘይት ሲቀቡ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

«ያኔ ለምን ዋሹልኝ?» አልኳቸው።

ጨርቁን አስቀመጡ። «ዋሸሁ እንዴ? የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የፈረመው ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«መስከረም አንድን አሥራ አንድ ብሎ ሲያየው ያለፈው ማን ነው?»

«እርስዎ። ግን የታረመ ፕሌት የሚባል አልነበረም።»

«ፕሌቱ ውሸት ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያልኩት ውሸት አይደለም። ከሁለቱ የቱን ልታቆሚው ትፈልጊያለሽ?»

ጨርቃቸውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሐረገወይን ዘንድ ስሄድ መጽሐፍ ትጠርዝ ነበር። ለመቀመጥ እንኳ ዕድል አልሰጠችኝም። «ስምሽን መጥራቴ አሁንም ያምሻል?» አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።

«አላውቅም።»

«እኔን ያመኛል» አለች። «ደግሞ ዛሬም እጠራዋለሁ። ያኔ ዝም ብልልሽ ኖሮ እስከ ዛሬ እንደ ሕፃን ነበር የማይሽ። ስህተት ያልተሰጠው ሰው ሥራም አይሰጠውም።»

«ታዲያ ለምን ያምሻል?»

«መጀመሪያ አንቺን ጠርቼ፣ እኔ ልናገር ነው ልልሽ ይገባ ነበር። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። ተመልሼ አልወረድኩም።»

ኑረዲን ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አወለቀ።

«ያኔ ለምን ለማንም አልተናገርክም?»

«ብናገር ይከለክሉኝ ነበር። ወረቀቱ የሰው ነው ይሉኝ ነበር፤ ልክ ነበሩ።» ተነሥቼ ልሄድ ስል ጨመረ። «ደግሞ ገጹን ያቀናጀሁት እኔ ነኝ። ከዝርዝርሽ ላይ ስገለብጥ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር። የኛ ሰፈር ልጅ ለዚያ እንቁጣጣሽ ከውጭ ሊመጣ ትኬት ቆርጦ፣ የአውሮፕላኑ ቀን መስከረም አንድ፣ በፈረንጁ አሥራ ሁለት ነበር። አሰብኩትና ተውኩት። ቶሎ ከታረመ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነው መሰለኝ የሮጥኩት።»

«መሰለኝ?»

«እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ትርሲት። አንዳንዴ ሥራውን ወድጄ ነው እላለሁ።»

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ የባሰ ግራ ገባኝ። ውሸት ነው ያልኩት ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። እውነት ነው ያልኩት ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ አመንትቷል። ንጹሕ ሥራ ነው ያልኩት ከሥሩ ፍርሃት አለበት። ግን ደግሞ አንዳቸው ቢጎድሉ ምን ይሆን ነበር? ሐረገወይን ባትኖር ሁለት መቶው የተሳሳተ ቀን በየቢሮው ተሰቅሎ ይቀራል። ጋሽ ይፍሩ ባይኖሩ እኔ ዛሬ በዚህ ቤት በር አልገባም፤ ስህተት የሠራ ሰውም ከዚያ በኋላ በአፉ አይናገርም። ኑረዲን ባይኖር እውነቱም ምሕረቱም ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆመው ይቀሩ ነበር። ሦስቱም ያስፈልጋሉ ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ብዙ መጽሐፍ እንዲህ ብሎ ይዘጋል። ወንበሩ ግን አንድ ነው። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ቤቱ ነገ ሲሳሳት መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል፤ ይናገራል፣ ይሸከማል፣ ወይስ ያርማል? አንዱ መጀመሪያ መሆን አለበት።

ማክሰኞ ማታ ለታፈሰ ብቻ ነገርኩት። ባዶዋ ወረቀት የኔ ናት አልኩት።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«እንዴት?»

«ዘጠኙን ስም የጻፉትን በእጅ ጽሑፋቸው አውቄአቸዋለሁ። የቀረው ማን ነው?» አለና ትንሽ አሰበ። «አልናገርም ብዬ ተውኩት። አንቺ የተናገርሽ እለት ሦስት ሰው ተነሥቶ ሄደ፤ እኔ ደግሞ አራተኛ ልሁን?»

ይህ ደግሞ መልካም ነው ወይስ ጥፋት? እሱንም አላውቅም።

የወሰንኩት ይህ ነው። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ወረቀት ከመታደሉ በፊት እነሣለሁ። የፈረንጁን ቀን የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ፣ የታረመ ፕሌት እንዳልነበረ፣ አሥረኛዋ ባዶ ወረቀት የኔ እንደነበረች በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ድምፁ በምስጢር ሳይሆን እጅ በማውጣት እንዲሆን አቶ ለገሠን እጠይቃለሁ። ዘጠኙ እንደ ድሮው ሦስት ሦስት ከተካፈሉ የኔ እጅ ይወስናል። ሁለት ሰው ይቀየመኛል፤ ሁለቱም ለእኔ የዋሉት ውለታ አለ። ቢሆንም እጄን አወጣለሁ።

ለማን እንደማወጣ ከትናንት ጀምሮ አውቄዋለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት እናንተ ስለ እኔ ትከራከራላችሁ እንጂ ስለ እነሱ አትከራከሩም። ስለዚህ ዓርብ እስኪደርስ በእኔ ቦታ ተቀመጡ። ፊታችሁ አንዲት ስህተቱን ሳትደብቅ የተናገረች፣ አንድ የሌላውን ስህተት የተሸከሙ፣ አንድ ስህተቱን ዝም ብሎ ያረመ ተቀምጠዋል። ዘጠኝ እጅ ወጥቶ እኩል ሆኗል። እናንተ አሥረኛው ብትሆኑ፣ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?